ሐረግ እየሣሉ ማረፍ
እስክሪብቶና ባለ ካሬ ደብተር ላለው ሁሉ

የድሮ የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ከጽሑፉ በላይ የተዘረጋውን ጌጥ ያስታውሰዋል። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጥብጣቦች እርስ በርስ ይተላለፋሉ። አንዱ በሌላው ሥር ይገባል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። አንዳንዴም በገጹ ግራና ቀኝ ወርደው ጽሑፉን ያቅፉታል። ይህ ጌጥ ሐረግ ይባላል። ከሁሉ ይበልጥ ያማረው በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጎንደር ገና ሳትቆረቆር ነው። ልማዱ ግን በዚያ አልቀረም፤ የዳዊት መጽሐፍ በየአሥሩ መዝሙር ሲከፈል ክፍሉን በሐረግ የሚለዩ ጸሐፊዎች ብዙ ነበሩ።

ሐረግ ሲያዩት የተወሳሰበ ይመስላል። ሲሠሩት ግን ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ርቀትን እኩል መጠበቅ፣ ሁለተኛው አንድ ጊዜ ከላይ ካለፉ ቀጥሎ ከሥር ማለፍ። የሚያሳርፈውም ይኸው ነው። እጅ የሚሄድበትን መንገድ ካወቀ ልብ ሌላ ነገር ለመወሰን አይገደድም። ስለዚህ «እኔ ሥዕል አይሆንልኝም» የሚል ሰው ለዚህ ሥራ ከማንም ያላነሰ ብቁ ነው።

ነገሩ በጥናትም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሪ እና ካሰር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ውጤቱን ያሳተሙት አንድ ሙከራ ነበር። በ84 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ መጀመሪያ ጥቂት ጭንቀት ቀሰቀሱ፤ ከዚያም ቀለም እንዲቀቡ አደረጉ። አንዱ ቡድን ክብ ንድፍ፣ ሁለተኛው በመስመር የተከፋፈለ ንድፍ፣ ሦስተኛው ባዶ ወረቀት ተሰጠው። ንድፍ የተሰጣቸው የሁለቱ ቡድኖች ጭንቀት በግልጽ ሲቀንስ ባዶ ወረቀት የተሰጠው ቡድን ያን ያህል ለውጥ አላገኘም። ሙከራው ስለ ቀለም መቀባት እንጂ ስለ ሐረግ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ያመለክታል፦ «የፈለግከውን ሥራ» ከሚለው ነፃነት ይልቅ ሥርዓት ያለው ሥራ ያሳርፋል።

በውጭ አገርም ዜንታንግል የሚባል የሥዕል ልማድ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። የጀመሩት ሪክ ሮበርትስ እና ማሪያ ቶማስ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ማሪያ የፊደል ሠዓሊ ስትሆን አንድ ትልቅ ፊደል ስታስጌጥ ጀርባውን በሚደጋገም ጥቃቅን ንድፍ ትሞላ ነበር፤ በዚያ መሐል ሰዓቱም ሐሳቡም እንደተረሳት አስተዋለች። የእኛ ጸሐፊዎች መንገዱን ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጠርገውታል። እኛ መከተል ብቻ ነው የሚጠበቅብን።

የሚያስፈልግዎ

ባለ ካሬ ደብተር፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ጥቁር እስክሪብቶ፣ ቀይና ቢጫ ባለ ቀለም እርሳስ። ይኸው ነው። በጎንደር አቅራቢያ ባለችው በፀዳ ከተማ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሁሉንም ይሸጣል። ካሬው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ውድ ወረቀት አይግዙ፤ ውድ ወረቀት ላይ ሰው እንዳያበላሽ ይፈራል፣ የፈራ እጅ ደግሞ አያርፍም።

ስልክዎን ድምፁን አጥፍተው በጀርባው ያስተኙት። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ለፈተና ስታነብ ያመሸች የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪ፣ ሱቁን ዘግቶ የገባ ነጋዴ፣ ልጆቿን ያስተኛች እናት፣ ሁሉም ቀኑን ከመዝጋታቸው በፊት ይህችን ግማሽ ሰዓት ሊሰጧት ይችላሉ። መብራት ከጠፋም ለዚህ ሥራ የሻማ ብርሃን በቂ ነው።

የመጀመሪያው ሐረግ፦ ባለ ሁለት ጥብጣብ

1. ሜዳውን ያስምሩ። በደብተሩ ላይ 24 ካሬ ርዝመት፣ 4 ካሬ ቁመት ያለው ሣጥን በእርሳስ ያውጡ። በመሐሉ፣ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት ካሬ ትቶ የሚያልፍ አግድም መስመር አለ። እሱን በስሱ ያድምቁት።

2. መገናኛዎቹን ምልክት ያድርጉ። በመሐሉ መስመር ላይ ከግራ ጫፍ ጀምረው በየ4 ካሬው ትንሽ የመስቀል ምልክት ያኑሩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጫፍ ሰባት ምልክት ይሆናል። ጥብጣቦቹ የሚተላለፉት እዚህ ነው።

3. ዓይኖቹን ያስቀምጡ። በሁለት መገናኛዎች መካከል፣ እኩል ርቀት ላይ፣ አንዳንድ ነጥብ ያድርጉ። ስድስት ነጥብ ያገኛሉ። እነዚህ የሐረጉ ዓይኖች ናቸው፤ ጥብጣቦቹ በዙሪያቸው ይጠመዘዛሉ።

4. የመጀመሪያውን ጉዞ ይሂዱ። እርሳሱን በግራ ጫፍ መገናኛ ላይ ያሳርፉ። ከመጀመሪያው ዓይን በላይ ይለፉ፣ በሁለተኛው መገናኛ በኩል ይውረዱ፣ ከሁለተኛው ዓይን በታች ይለፉ፣ በሦስተኛው መገናኛ ይውጡ። እስከ ቀኝ ጫፍ እንዲህ ይቀጥሉ። መስመሩ ከፍ ሲል ከመሐሉ መስመር አንድ ካሬ ተኩል ያህል ይራቅ፤ ዝቅ ሲልም እንዲሁ። ሣጥኑን እንዳይነካ። የቀረው ግማሽ ካሬ የጥብጣቡ ግማሽ ስፋት ይሆናል።

5. በተቃራኒው ይመለሱበት። ወደ ግራ ጫፍ ይመለሱና አሁን ከመጀመሪያው ዓይን በታች ይጀምሩ። የመጀመሪያው መስመር በላይ ባለፈበት ሁለተኛው በታች ያልፋል። ሲጨርሱ እያንዳንዱ ዓይን ከላይም ከታችም ታቅፏል።

እስትንፋስዎን የሚያስገቡት እዚህ ላይ ነው። መስመሩ ሲወጣ አየር ይሳቡ፣ ሲወርድ ቀስ ብለው ይልቀቁ። መቁጠር አያስፈልግም፤ መስመሩ ራሱ ይቆጥርልዎታል። እጅዎ ከእስትንፋስዎ ከቀደመ ፈጥነዋል ማለት ነውና ያዝ ያድርጉት።

6. ለመስመሮቹ ስፋት ይስጧቸው። ከእያንዳንዱ መስመር በላይና በታች፣ ግማሽ ግማሽ ካሬ ርቀው፣ ተከትለውት የሚሄዱ ሁለት መስመሮች በስሱ ያውጡ። አሁን ሁለት ክሮች የነበሩት አንድ ካሬ ስፋት ያላቸው ሁለት ጥብጣቦች ሆኑ። መገናኛዎቹ ላይ መስመሮቹ ተደራርበው ይረበሻሉ። ይተዉት፤ ቀጣዩ ደረጃ ያጠራዋል።

7. ማን ከላይ እንደሚያልፍ ይወስኑ። ሕጉ አንድ ነው፦ በየመገናኛው የሚወርደው ጥብጣብ ከላይ፣ የሚወጣው ከሥር። በዚህ ሕግ ከሄዱ አንዱ ጥብጣብ አንድ ጊዜ ከላይ አንድ ጊዜ ከሥር እየሆነ በራሱ ይፈራረቃል። ጥቁሩን እስክሪብቶ ያንሡና ከግራ ወደ ቀኝ እየሄዱ በየመገናኛው የሚወርደውን ጥብጣብ ሁለት ጠርዝ ብቻ ያድምቁ። ሰባት አጫጭር ጥንድ መስመሮች ያገኛሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ፣ እንደተገመደ ገመድ። አንዱ ወደ ሌላ ወገን ካዘነበለ ሕጉ እዚያ ላይ ተስቷል።

8. የቀረውን ያገናኙ። አሁን ሌሎቹን ጠርዞች በእስክሪብቶ ይከተሉ። ከሥር የሚያልፈው ጥብጣብ ከላይ ያለው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ያቁሙ፣ እስክሪብቶውን ያንሡ፣ ከማዶ ይቀጥሉ። ይህ ማንሣትና ማሳረፍ የሐረጉ ልብ ነው። አእምሮ ከዚህች መገናኛ ውጭ የሚያስበው አይኖረውም፤ መገናኛዋ ደግሞ ወዲያው ታልፋለች።

9. እርሳሱን ያጥፉ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጥቂት ይጠብቁ፣ ከዚያ በላጲሱ ከመሐል ወደ ውጭ በአንድ አቅጣጫ ይሂዱበት። የተረበሸው ሁሉ ጠፍቶ ጥብጣቦቹ ብቻ ሲቀሩ፣ ያን ጊዜ የሠሩትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩታል።

10. ቀለም ይስጡት። የመጀመሪያውን ጥብጣብ ቀይ፣ ሁለተኛውን ቢጫ ያድርጉ። በየዓይኑ ትንሽ ክብ ይተዉና ዙሪያውን በጥቁር ይሙሉ። የድሮ ጸሐፊዎች ከቀይና ከቢጫ ሌላ አረንጓዴና ሰማያዊም ይጠቀሙ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን የቀለሙ ዓይነት ከሦስት ከአራት አይበልጥም። ቀለም ሲበዛ ዓይን መንገዱን ይስታል።

11. ጫፎቹን ይልቀቁ። በቀኝ ጫፍ አንዱ ጥብጣብ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች እያለ ነው። በግራም እንዲሁ። አራቱንም ከሣጥኑ አስወጥተው ጫፋቸውን ያጥፉና በቅጠል ወይም በትንሽ እንቡጥ ይጨርሱ። በብራና መጻሕፍቱ ላይ ሐረጉ ከማዕዘኖቹ ወደ ነጩ ህዳግ ሲያመልጥ የሚታየው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ሐረግ፦ ባለ ሦስት ጥብጣብ

የመጀመሪያውን ደጋግመው እጅዎ ሲለምደው ወደዚህ ይለፉ። ሣጥኑን 6 ካሬ ቁመት ያድርጉት። ከመሐሉ መስመር አንድ ካሬ ከፍ ብለው በየ4 ካሬው መገናኛ ያኑሩ። ይህ የላይኛው ረድፍ ነው። ከመሐሉ መስመር አንድ ካሬ ዝቅ ብለው ሌላ ረድፍ ያኑሩ፤ የታችኛው መገናኛ ግን ከላይኛው ሁለት ካሬ ወደ ቀኝ ይራመድ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት አይገጣጠሙም።

አሁን ከላይኛው ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ላይኛው፣ የካሬዎቹን ሰያፍ እየተከተሉ ዚግዛግ ይሥሩ። ከዚያ የላይኛው ረድፍ መገናኛዎች እርስ በርስ በቅስት ይገናኙ፤ የታችኞቹም ወደ ታች በተገለበጠ ቅስት። የየቅስቱ ጫፍ ከሣጥኑ ግማሽ ካሬ ይቅር። የተሠራው ነገር ሦስት ክር ያለው ጉንጉን ነው፤ ለማረጋገጥ አንዱን ክር በጣትዎ ተከትለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂዱ።

ስፋት አሰጣጡ እንደ መጀመሪያው ነው። የመተላለፊያው ሕግ ግን እንዲህ ይሆናል፦ በላይኛው ረድፍ የሚወርደው ከላይ፣ በታችኛው ረድፍ የሚወጣው ከላይ። ሦስቱን ጥብጣቦች በሦስት ቀለም ይለዩ። ከዚህም በላይ ማክበድ ከፈለጉ በየጥብጣቡ መሐል አንድ ቀጭን መስመር ይጨምሩ፤ አንዱ ጥብጣብ ሁለት ይመስላል።

ካሬ የሌለው ወረቀት ላይ ሲሸጋገሩ

ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆና አለስልሶ ሲያበቃ በቀጥታ አይጽፍበትም። በወስፌ ጫፍ ጥቃቅን ቀዳዳ ይበሳና ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም የሌለው መስመር ይጭራል። መስመሩ በብርሃን ጥላ ብቻ ይታያል፣ ፊደሉም በእሱ ላይ ይቆማል። ይህን ቤትዎ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ይያዙ፣ ከወረቀቱ ሥር አንድ ደብተር ያንጥፉ፣ በማስመሪያ እየመሩ መሐል መስመሩንና ሣጥኑን ጫን ብለው ይጫሩ። ሲጨርሱ የሚጠፋ የሣጥን መስመር አይኖርም። ጥቁር ቀለም ለምደው ከሆነም በቀጭን መቃ መሞከር ይችላሉ፤ መቃው ቀለም ሲጨርስ እጅ ማረፉ የግድ ስለሆነ ሥራው ከእስክሪብቶው የዘገየ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ጥብጣቡ አንዳንድ ቦታ ቀጥኖ አንዳንድ ቦታ ከወፈረ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን እስክሪብቶው ጫፍ ላይ መተከሉ ነው። የሚደርሱበትን ቦታ እንጂ የሚሠሩበትን ነጥብ አይመልከቱ።

አንድ ጥብጣብ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከላይ ካለፈ፣ ወረቀቱን አይቅደዱት። ያን መገናኛ በጥቁር ሞልተው አበባ ያድርጉበትና ይቀጥሉ። ዜንታንግል የሚያስተምሩ ሰዎች ላጲስ የማይጠቀሙት ለዚህ ነው፤ የሳተው መስመር የሚቀጥለውን ይወልዳል።

ትከሻ ከተወጠረ ወይም አውራ ጣት ካመመ እስክሪብቶውን አጥብቀው ይዘዋል። ያስቀምጡት፣ እጅዎን ያራግፉ፣ ከዚያ ይመለሱ። ሐሳብ ወደ ጉዳይ ከሸሸም አይቆጡ። የሚቀጥለው መገናኛ የትኛው ከላይ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ፤ ጥያቄዋ ትመልስዎታለች።

ንድፍ ከየት ይመጣል?

ሐረግ ሲለምዱ ዓይንዎ ሁሉን ቦታ ንድፍ ማየት ይጀምራል። ከፀዳ በአዘዞ በኩል ጎንደር ከሄዱ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጎራ ይበሉ። ቤተ ክርስቲያኑን የመሠረቱት ቀዳማዊ ኢያሱ (1682–1706 እ.ኤ.አ.) ናቸው፤ አሁን የሚታየው ሕንፃ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የ1888 እ.ኤ.አ. የደርቡሽ ወረራ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይህ ተረፈ። ጣሪያውን ቀና ብለው ያስተውሉ። በግንዶቹ መካከል ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ከሩቅ አንድ ፊት የተደጋገመ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩ ግን የቅንድቡ ቅስት፣ የዓይኑ አቅጣጫ፣ የፊቱ ሁኔታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፦ ሕጉ አንድ ይሁን እንጂ እጅ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይሠራም፣ መሥራትም የለበትም። ፍላሽ ሳያበሩ፣ ሌላውን ሳይረብሹ፣ ሁለት ሦስት ፊት ብቻ በዓይንዎ ይያዙና ቤት ሲገቡ በአራት ካሬ ሣጥን ውስጥ ይደርድሯቸው።

ገበያ ላይም አለ። ሞሰብ የምትሰፋ እናት ከመሐሉ ጀምራ ዙሪያውን እየዞረች በተነከረ አክርማ ጥርስ የሚመስል ንድፍ ታወጣለች፤ ንድፉ የሚወጣው ስፌቱን በመቁጠር ነውና በካሬ ወረቀት ለመገልበጥ የተመቸ ነው። አንድ ካሬን እንደ አንድ ስፌት ይቁጠሩት። የነጠላ ጥለትም እንዲሁ ነው፤ ድርና ማግ ስለሆነ ሁሉም ነገር ካሬ ነው። አምስት ጣት የማይሞላ ጥለት አንድ ሙሉ ገጽ ሊያስይዝዎት ይችላል። የሁለተኛው የጎንደር የሥዕል ስልት ሠዓሊዎች ቅዱሳኑን ያለበሱት ልብስ በአበባ ንድፍ የተሞላ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ አንዱን አበባ ብቻ መርጠው ይደጋግሙ።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነገሮች

ሐረግን ከጠልሰም አያምታቱ። በክታብ ላይ የሚታዩት ዓይኖችና የተጠላለፉ መስመሮች የተሣሉት ለፈውስና ለጥበቃ ነው፤ የራሳቸው ሥርዓትና ባለቤት አላቸው። እዚህ የምናወራው ስለ ገጽ ጌጥ ነው።

ይህ ሥራ ቀን ያዛለውን ሰው ያሳርፋል፤ በሽታ ግን አያክምም። እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቀ፣ ፍርሃት ሥራ ካስተወ፣ ኑሮ ካስጠላ ደብተሩን ያስቀምጡና ወደ ጤና ባለሙያ ይሂዱ። ከሕክምናው ጎን ለጎን መሣል አይከለከልም።

እያንዳንዱን ሐረግ ለሰው ለማሳየት አይሥሩት። ከገጹ ሥር ቀኑን ብቻ ይጻፉና ይግለጡት። ሚኒባስ እስኪሞላ፣ ወረፋ እስኪደርስ፣ ቡና እስኪፈላ የሚሠሩ አጫጭር ሐረጎች ከአንድ ትልቅ ሥራ ይልቅ ይጠቅማሉ፤ ጥቅሙ በመደጋገሙ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለ። በጎንደርና በዙሪያዋ አሁንም ብራና ፍቀው፣ መቃ ቀርጸው፣ ቀለም በጥብጠው የሚጽፉ ቁም ጸሐፊዎች አሉ። ሐረግን ከወደዱት አንዳቸውን ፈልገው፣ ከፈቀዱልዎ አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ይመልከቱ። ደብተር የማያስተምረውን እነሱ ያስተምሩዎታል። ከቻሉም አንዲት ትንሽ ሥራ ይዘዙና የእጃቸውን ዋጋ ሳይከራከሩ ይክፈሉ።